ልጄን ያላመማት በሽታ

እኅቶቼ፣ የማኅበራችን ሴቶች፣ ከመቀሌ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። መንገዱ እንዴት ነበር፣ ቤዛ እንዴት ናት፣ አገሩ ምን ይመስላል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለሁላችሁም «ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፌያለሁ። ከመካከላችን መቀሌን ያየ የለም፤ እኔም ባይጨንቀኝ አላየውም ነበር። ስለዚህ ከመናኸሪያ ጀምሬ በተራ እነግራችኋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፊደል ብገድፍ የምታነብላችሁ ታቃናው።

አስቀድሜ ግን ለምን እንደሄድኩ መናገር አለብኝ። እሱን ትቼ መንገዱን ባወራ ሌላ ውሸት ነው የሚሆንብኝ።

ባለፈው የታኅሣሥ ገብርኤል ጥላ ሳስገባ እልል ብላችሁልኛል። ልጄ ከበሽታ ስለዳነችልኝ ነው ብያችሁ ነበር። ቤዛን ምንም በሽታ አላመማትም። ልጄ ትጽፋለች። መቀሌ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው፣ መጽሐፍ መጻፍ ከጀመረች ግን አምስት ዓመት ሆኗታል። መስከረም ላይ ለዕረፍት ስትመጣ ከስታ አየኋት። ስትበላ ጉርሻው እጇ ላይ ይቆማል። ብቻዋን ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ወንድሜን ታደሰን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ። እሱም ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሳይቀር ይጽፍ ነበር፤ አንድ ቀን ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ወጣ፣ ወጥቶ ቀረ። ቤዛን ሳያት እሱ መጣብኝ። «ይህን መጻፍ የሚሉትን ነገር አስተዋት፣ ጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ በስልክ መጻፍ ማቆሟን ነገረችኝ። ለምን እንዳቆመች፣ እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። ለእናንተ «ልጄ መጻፍ ተወችልኝ» ብል ምን ትሉኛላችሁ? ስለዚህ በሽታ አልኩት።

አስካለ፣ አንቺን አልወቅስሽም። ስለ ልጅሽ ትምህርት ልትጠይቂያት ደውለሽ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብትያት የሚገባ ነገር ነው ያልሽው። ቤዛ ያንኑ ቀን ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ምን ነበር ያመመኝ?» አለችኝ።

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኩና ዘጋሁት። አልተቆራረጠም ነበር። እስትንፋሷ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም ገባ። ጾም ተያዘ። ባሰብኩት ቁጥር ታደሰ ወረቀቱን ይዞ በሩን ሲወጣ ይታየኝ ጀመር። ያን ጊዜ ዕቃዬን ሸከፍኩ።

ሐሙስ

ከኮምቦልቻ ሊነጋጋ ሲል በሚኒባስ ወጣሁ። ደሴ ስደርስ የመቀሌው አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነበር። ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ እና የጾም ዳቦ ቆሎ በማዳበሪያ ይዣለሁ፣ ሁለት ሊትር የገብርኤል ጸበልም አለኝ። መኪናው አናት ላይ ይጫን ሲሉኝ እንቢ ብዬ እግሬ ሥር ወሸቅኩት።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ኪሮስ ነው፣ ማይጨው ተወልደው መቀሌ የሚኖሩ። «አባባ» ስላቸው፣ «አቦይ በይኝ፤ አባባ ስትይኝ ሌላ ሰው የጠራሽ ይመስለኛል» አሉኝ። መንገዱ ያስፈራሽ እንደሆን ብለው ጠየቁኝ። ያስፈራኛል አልኳቸው። እሳቸውም እንደሚፈሩ ነገሩኝና ጋቢያቸውን ተከናንበው ለጥ አሉ። ፈርቶ የሚተኛ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ወልድያ እስክንደርስ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጬ መዳፌ ዝገት ዝገት ይሸት ነበር።

ወልድያን አልፈን ቆቦ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ አስወረዱንና ዕቃ ይፈተሽ ጀመር። ፈታሹ ማዳበሪያዬን በእግሩ ነካ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በርበሬ ነው አልኩት። አላመነኝም፣ የያዘውን ሽቦ ወጋበት። ፌስታሉ ተቀደደ፣ ነፋስ ነበር። ፈታሹ አነጠሰ፣ ጓደኛው ሳቀበትና እሱም አነጠሰ፣ ከዚያ ተሳፋሪው በሙሉ ተቀባበለው። ሕፃን ያዘለች ሴት ዓይኗን ይዛ ስትዞር ሳያት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተመልሰን ስንሳፈር አቀርቅሬ ገባሁ። ከኋላ አንዱ፣ «እማማ፣ ይሄን ይዘው ማን ይነካዎታል ብለው ነው የሚፈሩት» አለ። መኪናው በሳቅ ሞላ። አቦይ ኪሮስም ዕንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የቀረውን በርበሬ በነጠላዬ ቋጠርኩት፤ ነጠላው እስካሁን አልለቀቀም።

አላማጣ ሙቀቱ እንደኛው ነው፣ ዝንቡም እንደኛው። ምሳ ሽሮ በላን፣ የኛ ይሻላል። ከአላማጣ ወዲያ ግራካሕሱ የሚባል ጠመዝማዛ አለ። የኛን ሐረጎን ሁለት ሦስቱን ደራርባችሁ አስቡት። እሱን እየወጣን መሃል ላይ መኪናው ፈላ። ሾፌሩ ውሃ ያላችሁ ብሎ ለመነ። ሰው ሁሉ የሚጠጣውን አውጥቶ ሰጠ፣ ሕፃን የያዘችውም ሴት ከጡጦ የተረፋትን ሰጠች። እኔ ጸበሉን በቀሚሴ ሸፈንኩት። ጸበል ሞተር ውስጥ ይጨመራል እንዴ ብዬ ነው። እንዲያ ብዬ ተጽናናሁ እንጂ፣ ላላመማት ልጅ የያዝኩት ጸበል ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን ቀረን።

በዚህ ምክንያት ማይጨው ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ሆነ፣ ሾፌሩ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። ብርዱ ሌላ ነው፣ ኮምቦልቻ የለበስኩት ልብስ ወረቀት ሆነብኝ። አልጋ ፍለጋ ሦስት ቦታ ሞከርን፤ ስብሰባ የመጡ ሰዎች ሁሉንም ይዘውታል። አቦይ ኪሮስ እኅታቸው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አማርኛዬን ሰምታ ፊቷ ይጠቁርብኝ ይሆን ብዬ በሩ ላይ ስንቴ ተረበሽኩ። ብዙ ያለፈባቸው ሰዎች እኮ ናቸው። ሴትየዋ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ።

እራት ላይ፣ ለምን ነው የምትሄጂው አለችኝ። እዚያ ብናገር ማን ያውቀኛል? ደግሞም ነገ ተለያይተን የምንቀር ሰዎች ነን። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «ልጄ አሟት ነበር» አልኩ። ሴትየዋ ሰሃኗን አስቀምጣ ተነሳች፣ የልጄን ስም ጠየቀችኝ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቅዱስ ሥዕል ዞራ እጇን ዘርግታ ስለ ቤዛ መጸለይ ጀመረች። ትግርኛውን አልሰማም፣ በመካከሉ ግን «ቤዛ፣ ቤዛ» ስትል ይሰማኛል። ረዥም ጸሎት ነው። ምግቡ ቀዘቀዘ። እኔ አብሬ አሜን አልኩ።

ዓርብ

ጠዋት በሕምባሻ ሸኘችን፣ ሕምባሻ ማለት የነሱ ድፎ ዳቦ በሉት፣ ሳሳ ያለ ነው። ከማይጨው መቀሌ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። እኛ ጋ ድንጋይ ቤት ያለው ሀብታም ነው፤ እዚያ ድንጋይ የሌለው ማሳ እንኳ የለም። አቦይ ኪሮስ መናኸሪያ ወርደው ባጃጅ ያዙልኝ፤ ለባለ ባጃጁ በትግርኛ ብዙ አዘዙት። ምን እንዳሉት ስጠይቀው፣ «የሚደማ ዕቃ እንደምትይዝ አድርገህ ያዛት አሉኝ» አለና ሳቀ። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ቀስ ብሎ ነዳልኝ።

ቤዛ የምትኖረው ዓዲ ሓቂ ነው፣ ተማሪና አስተማሪ የሚከራይበት ሰፈር። የቤቷ ባለቤት አደይ ብርኽቲ ይባላሉ። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። በሩን ከፍተው ገና ሳልናገር አቀፉኝ። «እንቋዕ ብደሓን መፃእኺ፣ ኣደ ቤዛ» አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጣሽ፣ የቤዛ እናት ማለታቸው ነው። እንዴት አወቁኝ ስላቸው፣ «አፍንጫዋን ይዘሽ መጥተሽ ማን ልበልሽ?» አሉ። አማርኛቸው ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ይላሉ። ቤዛ ሥራ ላይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ገባች። እኅቶቼ፣ ጉንጯ ሞልቷል። ጸጉሯ ተሠርቷል። እኔ በመንገድ ሁሉ አጥንቷ የወጣ ልጅ ነበረ የምጠብቀው። ስታየኝ በሩ ላይ ቆመች፣ «ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች፣ እንደ እንግዳ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ክፍሏ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቅባትና ማበጠሪያ እንጂ አንዲት ወረቀት የለም። ደስ አለኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቦርሳዬን ስታስቀምጥ እኔ ባዶውን ጠረጴዛ እያየሁ በልቤ ገብርኤልን አመሰገንኩ። እንደገና።

እራት አደይ ብርኽቲ ሕልበት ሠሩልን፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚመታ ነጭ የጾም ወጥ ነው፣ ከላዩ ቀይ ስልስ ይደረግበታል። በነጠላ የተቋጠረውን በርበሬዬን አቀረብኩ። ቀመሱና «ጥሩ ነው፣ ግን አይናገርም» አሉ። የነሱ በጣም ይናገራል፤ ምላስ ያቃጥላል። ቤዛ ትንሽ ሳቀች። ስለ ስልኩ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሁለታችን በአንድ አልጋ ተኛን፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ።

ቅዳሜ

ቤዛ እስከ ምሳ ሥራ አላት። እኔና አደይ ብርኽቲ ምስር ስንለቅም፣ ድንገት ተነሱና ከክፍላቸው ጠሩኝ። የእንጨት ሳጥን አላቸው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ነው የሚይዙት። ከፈቱት። ከላይ የታጠፈ የወንድ ልጅ ሸሚዝና በላስቲክ የተሸፈነ የትምህርት ማስረጃ ነበር። አልነገሩኝም፣ አልጠየቅኩም። ከሥሩ በሻሽ የታሰረ ጥቁር ፌስታል አወጡ። ሦስት ወፍራም ደብተር።

«ይህን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

የቤዛን ጽሕፈት አውቃለሁ።

«ታኅሣሥ ላይ እሷ ናት የሰጠችኝ። ደክሟታል፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ። የጻፍኩት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኛል፣ ዓይኔ አያየውም አለች። እስከ ቅበላ ቆልፊብኝ፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ አለችኝ። ለመነችኝ። አንድ እሑድ ለመነችኝ፣ ቁልፉን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ተኮሳትራ ነበር፣ በኋላ ሳቀች።»

«ዕረፍት ነው እንዴ?» አልኩ።

«ዕረፍት ነው እንጂ። መብላት ጀመረች፣ ገበያ አብራኝ ትወጣለች፣ ትተኛለች። ቅበላ ዕለት አውጥቼ እንኪ ጓለይ፣ ልጄ አልኳት። ይቆይ አለች። እስከ መቼ ብላት ወደ ክፍሏ ገባች። በዚያው ሰሞን ካገራችሁ ስልክ መጥቶላት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልለመነችኝም።» ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አሻሹት። «ስትለምነኝ አልፈራሁም። መለመን ስትተው ነው የፈራሁት። አንቺ እናቷ ነሽ፣ ምን እንዳገኛት ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም» አሉ። «መጠበቅ ነው የምችለው።» መልሰው ከሸሚዙ ሥር አስገቡትና ቆለፉት።

እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ስንቶቻችሁን በርበሬ አዘጋጅቼላችኋለሁ። ደልዤ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር አምቄ፣ ሸፍኜ ቀናት ሳላሳርፈው ፀሐይ ላይ አላወጣም። ከናንተ አንዷ ቸኩላ «ተበላሸ እንዴ፣ ለምን ዝም ተባለ?» ስትለኝ እስቅባታለሁ። እንግዲህ የገዛ ልጄ ታምቃ ስታርፍ፣ እኔ መጻፏ ሞተልኝ ብዬ ጥላ አስገባሁ።

እዚህ ላይ መጻፌን ሦስት ቀን አቁሜ ነበር። የእሑዱን መጻፍ አልፈለግኩም።

እሑድ

ከቅዳሴ ከወጣን በኋላ ቤዛ ወደ እንዳ ኢየሱስ ወሰደችኝ። ኮረብታ ነው፣ ላዩ ላይ የድሮ ምሽግና የዩኒቨርሲቲው ግቢ አለ፤ ተማሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይንሸራሸራል። ከተማው በሙሉ ከታች ይታያል፣ እኛ ከተራራ ሥር ሆነን ወደ ላይ የምናየውን እነሱ ወደ ታች ያዩታል። ትንፋሽ አጠረኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ቆማ ቀረች። ከዚያ በላይ መሸሽ አልቻልኩም።

«በሽታ ያልኩት መጻፍሽን ነው» አልኳት። «እንድትተዪው ተሳልኩ። ተውኩ ስትዪኝ ጥላ አስገባሁ። ለሴቶቹ ከበሽታ ዳነች አልኳቸው፣ እልል አሉ።»

ዓይኗን ከከተማው አላነሳችም።

«ምን ዓይነት ጥላ?»

«ቀይ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ልትስቅ ነው ብዬ ነበር፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትረጋጋ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ግን ትከሻዋ አልነካኝም። «እኔ እኮ እያረፍኩ ነበር» አለች። አሁን አውቄያለሁ አልኳት። «ሰው ሁሉ ተዪው ይለኛል፣ ለምጄዋለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ይሉኛል፣ እኔም ራሴን እለዋለሁ፣ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ። አንቺ ግን ለመልአክ ከሰስሽኝ። እትዬ አስካለ ስለ ጥላው ስትነግረኝ በሽታው ምን እንደሆነ ገምቼ ነበር፤ አደይ ብርኽቲ ደብተሩን ስታወጣው እልልታው ተሰማኝ። እናቴ እኔ ስላቆምኩ እልል ያለችው።»

ስለ ታደሰ ነገርኳት። እሱን ብዬ ነው፣ እንደሱ እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ ነው አልኳት። ስለ አጎቷ ከዚህ በፊት አፌን ሞልቼ ነግሬያት አላውቅም።

«ታደሰ ስለጻፈ ነው የጠፋው ወይስ የሚያነብለት ስላጣ?» አለችኝ።

ለእሷ አልነገርኳትም። ለናንተ ግን ልንገራችሁ። የታደሰን ወረቀት ያነበበ ማንም የለም። እናቴ ጠዋት ጠዋት እሳት ታያይዝበት ነበር፣ እያወጣሁ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ከወጣበት ቀን በፊት ማታ ወረቀቱን ቆጥሮ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስንወርድ ስለ ምንድነው የምትጽፊው አልኳት። ቆመችና አየችኝ። «አምስት ዓመት ሙሉ ሳትጠይቂኝ ዛሬ? ዛሬስ አልነግርሽም» አለች። እንደ መቆጣት ነው፣ እንደ መቆጣትም አይደለም። ድንጋዩ አንሸራተተኝና ክንዴን ያዘችኝ፤ ሰፈር እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ይህ ይቅርታ ነው ብዬ አልጽፍም። መንገዱ ቁልቁለት ነበር።

ቤት ስንገባ ለአደይ ብርኽቲም ነገርኳቸው። ትናንት አላውቅም ማለቴ ውሸት እንደነበር ነገርኳቸው። ሽንኩርት ይልጡ ነበር፣ አንዱን ወደ እኔ ገፉልኝ። አብሬ ላጥኩ።

ሰኞ

ቤዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ደብተሩን ትወስጂዋለሽ ወይ ብዬ እንዳልጠይቃት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ጠየቅኳት።

«አላውቅም፣ እማዬ። ደግሞ መጻፍ ና ስላልሽው አይመጣም፣ ሂድ ስላልሽውም አይሄድም።»

ምን ላድርግልሽ አልኳት። ለማኅበሩ ሴቶች እውነቱን ንገሪያቸው አለችኝ። እሺ፣ በሚቀጥለው ማኅበር ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። በቃሌ ስናገር እንደማለባብሰው ታውቃለች። «ጻፊው» አለች። «ከተሳፈርሽበት ቀን ጀምሪ፣ ያየሽውን በተራ። ሲደክምሽ አቁሚ፣ አታፍሪ። ግን ቀጥሎ የምትጽፊውን እያወቅሽ አቁሚ፤ ባዶ ላይ ካቆምሽ መመለስ ያስፈራል።» እኔ ልጽፍ? ልጄ ፊት የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ አፍር ነበር፣ እሷ ታውቅብኛለች ብዬ።

የመልሱ መንገድ ሰላም ነበር፣ ማይጨው ላይ ግን አልቆምንም። ያቺን የጸለየችልኝን ሴት ቤቷን በመስኮት ፈለግኩት። ለአንድ እኔ ተብሎ አውቶቡስ አይቆምም። አቦይ ኪሮስን አግኝተሽ እውነቱን ለእኅታቸው ያድርሱልኝ በያቸው ብዬ ለቤዛ አደራ ብያለሁ፣ መልእክት ግን እግር አጥቦ አይመልስም።

ይህን ስጽፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር እቀመጣለሁ። አንዳንዱን ቀን ሦስት መስመር ነው የምጽፈው። ሐሙስን ጽፌ ስጨርስ፣ በቃ ጻፍኩ፣ የቀረውን ማን ያየዋል ብዬ ደብተሩን አልጋ ሥር ወረወርኩት፤ እንደገና ያወጣሁት ወጥ ስሠራ የዓርቡ መጀመሪያ በአፌ ስለመጣብኝ ነው። ቅዳሜ ላይ እንዳቆምኩ ነግሬያችኋለሁ። ያን ሦስት ቀን ከንፈሬ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ጎረቤቴ አይታ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። በአምላክ፣ ያን ጊዜ የገባኝን ሐፍረት መጻፍ አልችልም። በዚያው ዓይን ነው ልጄን ያየኋት።

እንግዲህ እልል ያላችሁልኝን መልሱ አልላችሁም፣ አይመለስም። አውቃችሁ ፍረዱብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጨረስኩ ልላት ቤዛ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት አደይ ብርኽቲ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትጽሕፍ ኣላ» አሉኝ፤ እየጻፈች ነው ማለታቸው ነው። «ትናንት መጥታ ለመነችኝ። ስልኳን ለኔ ሰጥታ በሩን ዘጋች።» ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ «በልታለች» አሉና ዘጉት።

ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍላችሁ እወድ ነበር። ፈራሁ። በሩ ተዘግቶ ታየኝ፣ እዚያው የገበያ ቅርጫቴ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

መልሼ ግን አልደወልኩም።